የአውሬዎች ሳቅና የተማሪዎች ሳቅ

በአማርኛ ተጽፎ በመድረክ ላይ የታየው የመጀመሪያው ቴአትር የጦርነት ታሪክ ወይም የቅዱሳን ገድል ሳይሆን ቀልድ ነበር። ይህ ነገር ለብዙ ሰው እንግዳ ይመስላል። እኛም በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ተማሪዎች ራሳቸው ፈጥረው ያሳዩትን ቀልድ ቴአትር ለመመዘን ብዕር ስናነሣ፣ አስቀድመን ወደ ኋላ ተመልሰን የዚያን የመጀመሪያውን ቀልድ ዕድል ማየት ግድ ሆነብን። ምክንያቱም በበዓሉ ቀን ከአዳራሹ ስንወጣ፣ «ልጆች በታላላቆች ላይ እንዲስቁ ማን ፈቀደላቸው?» የሚል ቃል ከአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ከብዙ ሰዎች አፍ ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን በኛ ዘመን የተፈጠረ አዲስ ጥያቄ አይደለም።

የመጀመሪያው ቴአትር ስሙ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ይባላል። ደራሲው ኋላ በጅሮንድ የተባሉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኒህ ሰው ከዐድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ መስኮብ አገር ሄደው፣ በዚያው አድገው፣ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው የተመለሱ ናቸው። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ በገንዘብ ሚኒስትርነት ያገለገሉት፣ ፋሺስት ኢጣሊያ በተነሣችብንም ጊዜ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው የተከራከሩት እኒሁ ሰው ናቸው። እንደሚተረከው በአዲስ አበባ ዘፈንና ጭፈራ «ቴአትር» ተብሎ ሲታይ ተመልክተው፣ ቴአትር ማለት ይህ እንዳልሆነ፣ በኤውሮጳ ሰው ሌላውን ሰው መስሎ እየተነጋገረ የሰውን ጠባይ እንደሚያሳይበት ለመኳንንቱ ቢያስረዱ፣ «እንግዲያውስ አንተው ጽፈህ አሳየን» ተባሉ። ጽፈውም አሳዩ። ጸሐፊዎች በዓመቱ አይስማሙም፤ አንዳንዶቹ በ1904 ዓ.ም. አካባቢ ነው ሲሉ ሌሎቹ በ1913 ዓ.ም. አካባቢ ያደርጉታል። የታየውም በከተማው በሚገኝ ሆቴል አዳራሽ ሲሆን ተመልካቾቹ መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ።

ደራሲው ሰውን በሰው አላስመሰሉም። አውሬዎችን አናገሩ። ስሙን ከኤውሮጳ ቢያመጡትም፣ የፈረንሳዊው የላ ፎንቴን ተረቶችም በሐሳባቸው ቢኖሩ፣ አውሬ ሲናገር መስማት ለኢትዮጵያዊ ምን እንግዳ ነገር አለው? እኛ የቦረናና የሳይንት ልጆች ገና እግራችን ሳይጠና አያ ጅቦ ሲፎክር፣ እመት ጦጢት ስታታልል ሰምተን አድገናል። አያቶቻችን ለጅብ እንኳ «አያ» የሚለውን የአክብሮት ስም አይነፍጉትም፤ ሊበላን ለሚመጣ አውሬ ማዕርግ መስጠት ራሱ አንድ ቀልድ ነው። (ደራሲው ወደ ወሎ ምዕራብ ብቅ ቢሉ ኖሮ ተዋናይ ለመፈለግ ባልተቸገሩ ነበር። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ጫካችን ስሙ «ደንቆሮ» ነው። መኳንንቱ ሁሉ አውሬ የሆኑበት ቴአትር ከዚህ የተሻለ አገር ከወዴት ያገኛል?)

እንግዲህ በአዳራሹ የተቀመጡት መኳንንት ተረቱን ከልጅነታቸው ያውቁታልና ትርጓሜ አላስፈለጋቸውም። በአውሬዎቹ አፍ የተነገረው የጉቦ፣ የፍርድ መጓደልና የአስተዳደር ኋላ ቀርነት ነገር ወደ ማን እንደሚያመለክት ገባቸው። ነገሩ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት ታገደ። የታተመውም መጽሐፍ እንዳይሠራጭ ተከለከለ። ከዚህም የተነሣ እስከ ንግሥቲቱ ዕረፍት፣ ማለት እስከ 1922 ዓ.ም. ድረስ፣ ቴአትር በአገራችን ራሱን ቀና ማድረግ አልቻለም።

ስለዚህ እገዳ ባሰብን ቁጥር በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን በቃላችን ያጠናነው አንድ ታሪክ ይታወሰናል። በመጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 9 እንደ ተጻፈው፣ አቢሜሌክ ሰባ ወንድሞቹን በአንድ ድንጋይ ላይ አርዶ በሴኬም በነገሠ ጊዜ፣ ተሸሽጎ የተረፈው ታናሹ ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ራስ ላይ ወጥቶ ለሕዝቡ ተረት ነገራቸው። ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ወጡ፤ ወይራም፣ በለስም፣ ወይንም ሥራ አለን ብለው እንቢ አሉ፤ በመጨረሻ እሾህ ብቻ እሺ አለና በጥላዬ ተጠለሉ አላቸው። የእሾህ ጥላ! የሴኬም ሰዎች ስቀው እንደ ሆነ መጽሐፉ አይነግረንም። የሚነግረን ተራኪው ተረቱን እንደ ጨረሰ ሸሽቶ ማምለጡን ነው። በሌላ ስፍራ ደግሞ ነቢዩ ናታን ስለ ድሀው ሰው ብቸኛ በግ ተረት ነግሮ ንጉሥ ዳዊትን ራሱን በራሱ አስፈረደው፤ ዳዊትም ናታንን አላሰረውም፣ አለቀሰ እንጂ። እነዚህን ሁለት ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ ብናስቀምጣቸው አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። ተረቱ ለተናጋሪው የሚያስከፍለውን ዋጋ የሚወስነው ተናጋሪው ሳይሆን ሰሚው ነው።

ምናልባት አንባቢ፣ «የኛ አገር ታላላቆች ቀልድ አይችሉም ማለታችሁ ነውን?» ይለን ይሆናል። አይደለም። በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ አባቶቻችን አባባል አድርገውታል። በዚያች ቀን ሎሌው ጌታውን በግጥም ቢወርፈው ነውር አልነበረም። አዝማሪ በግብር አዳራሽ ሰምና ወርቁን አዋሕዶ ሹሙን ሲነካው፣ ሹሙ ወርቁን እያወቀ ለሰሙ ይሸልመዋል። በወሎ ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበላዎች የሰጣቸውን ይመርቁታል፤ የነፈጋቸውን ደግሞ እንዴት እንደሚያደርጉት የማያውቅ የለም። አለቃ ገብረ ሐናም በዳግማዊ ምኒልክ ግቢ በንጉሡና በእቴጌይቱ ፊት ሳይቀር ያሻቸውን ይቀልዱ ነበር። ታዲያ ለአለቃ ገብረ ሐና የተፈቀደው ለፋቡላ ለምን ተከለከለ?

እንደኛ አሳብ ልዩነቱ ይህ ነው። የአለቃ ቀልድ በአንድ ሊቅ አፍ በአንድ ጊዜ ተነግሮ ያልፋል። ሹሙም ከሣቀ የራሱን ትዕግሥት ያሳይበታልና ቀልዱ መልሶ ለሹሙ ክብር ይሆነዋል። ቴአትር ግን ብዙ ሰዎች አስቀድመው የተማከሩበት፣ ለብዙ ሰዎች አንድ ላይ የሚታይ፣ ነገም እንደገና ሊታይ የሚችል ነገር ነው። በአዳራሽ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ሲስቅ፣ እያንዳንዱ ሰው ጎረቤቱም ያንኑ ነገር እንደሚያስብ ያውቃል። ይህ እውቀት ነው ሹማምንትን የሚያስፈራቸው፤ ቀልዱ ብቻውን አያስፈራም።

በኤውሮጳም ቢሆን ነገሩ ያው ነበር። ሞሊየር የተባለው ፈረንሳዊ በሐሰት መንፈሳዊነት ሰውን ስለሚያታልል ግብዝ የጻፈው «ታርቱፍ» በ1664 እ.ኤ.አ. በቬርሳይ በሉዊ 14ኛ ፊት ታየ። ንጉሡ ራሱ አልከፋውም፤ ዳሩ ግን ካህናቱ ስለ ተቆጡ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ ተከለከለና እስከ 1669 ድረስ አምስት ዓመት ሙሉ ታግዶ ቆየ። በመስኮብ ደግሞ ጎጎል የጻፈው «ኢንስፔክተሩ»፣ የመንግሥት ሹማምንትን ጉቦኝነት በግልጽ የሚያሳይ ሆኖ ሳለ፣ በ1836 እ.ኤ.አ. ቀዳማዊ ኒቆላዎስ ራሱ ፈቅዶና በአዳራሹ ተገኝቶ ታየ። ሦስት ቀልዶች፣ ሦስት ቤተ መንግሥቶች፣ ሦስት ልዩ ልዩ ፍርዶች! ልጅ ተክለ ሐዋርያት ከመስኮብ ያመጡት ተስፋ ምናልባት የጎጎልን ዕድል አገኛለሁ የሚል ሊሆን ይችላል፤ ያገኙት ግን የሞሊየርን ነው፤ ያውም ያለ አምስተኛው ዓመት ይቅርታ።

ከ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ወዲህ ቴአትር እንደገና ሲነሣ የተነሣው በትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ ይህም ለኛ ለተማሪዎች ሊያኮራን የሚገባ ነገር ነው። የቅኔው ሊቅ ዮፍታሔ ንጉሤ መምህር ሆነው ባስተማሩበት በአዲስ አበባ ድርሰቶቻቸውን በተማሪዎች ያሳዩ ነበር። መላኩ በጎሰውም እንዲሁ። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ በመድረክ መቆም ነውር ስለ ነበረ የሴቶቹን ፈንታ የሚጫወቱ ወንዶች ልጆች ነበሩ። ከነጻነት በኋላ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ግን ነገሩ ተገለበጠ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፣ ኋላ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት፣ ለሴቶች ተማሪዎች ቴአትር እየጻፉ ያሠሯቸው ነበርና፣ ልጃገረዶች መድረክ ላይ ቆሙ። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በአምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮናስዮስ የጻፈው ቴአትር ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ታይቷል። ከትምህርት ቤት ውጭም በ1927 ዓ.ም. የጠላት ጦር በደረሰብን ዋዜማ የተመሠረተው የአገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን ለመቀስቀስ በአደባባይ መድረክ ያዘ።

ነገር ግን እነዚህን ድርሰቶች ባንድነት ስንመለከታቸው አብዛኛዎቹ የምክር፣ የአገር ፍቅር፣ የሐዘንና የምስጋና ናቸው። ይህ ስሕተት ነው አንልም፤ ጠላት በደጅ ቆሞ ሳለ ማን ይቀልዳል? ብቻ ከፋቡላ ወዲህ የተማረ ሰው ብዕሩን ወደ ቀልድ ለማዞር ብዙ ጊዜ እንደ ወሰደበት ልብ ማለት ያስፈልጋል። በመካከሉ አጫጭር ቀልዶች በየመድረኩ መታየታቸው አልቀረም፤ ሙሉ ቴአትር ሆኖ፣ በሥነ ጽሑፍ ክብሩ የታወቀ ኮሜዲ ግን በ1950ዎቹ መንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን ይዘው እስኪመጡ ድረስ ቆየ። መንግሥቱ ለማ የቤተ ክህነት ሊቅ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ሲሆኑ፣ በእንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱ ናቸው። በሁለቱም ቴአትሮች የሣቁት በማይሙ ገበሬ ላይ አይደለም። የተማረው ጎልማሳ፣ ውጭ አገር ደርሶ የመጣው፣ ሥልጣኔን በአፉ የሚያውቀው፣ ሚስት ማግባት የሚባለው ነገር ሲመጣ ምን እንደሚሆን ነው ያሳዩን። ራሳቸው ከዚያው ወገን ሆነው ሳለ በወገናቸው ላይ መሣቃቸው ለኛ ትልቅ ነገር ሆኖ ይታየናል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ እናልፈዋለን። በንጉሡም ዘመን ሆነ በደርግ ዘመን ድርሰት ሁሉ አስቀድሞ ለመርማሪ መቅረብ ነበረበት። የኪነት ቡድኖች በየቀበሌው በዙ፤ ከኛም ክፍለ አገር የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን በዘፈንና በጭፈራ ስሙ በአገሩ ሁሉ ተጠራ። መርማሪ ግን የሚመረምረው ወረቀት ነው። ወረቀት ከሌለ ምን ይመረምራል? ይህ ጥያቄ ወደ ትምህርት ቤታችን ቴአትር ያደርሰናል።

የኛ ተማሪዎች ያሳዩት ቀልድ ደራሲ የለውም። ስምንት ሆነው፣ አምስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለሰባት ሳምንት በባዶ ክፍል እየተሰበሰቡ፣ አንዱ አንድ ነገር ሲናገር ሌላው እየመለሰለት፣ ያሳቀውን እያስቀሩ ያላሳቀውን እየጣሉ የሠሩት ነው። ከመምህራን አንዱ አስቀድሞ ለማንበብ ጽሑፉን ቢጠይቋቸው የሚሰጡት አንድ ቅጠል ወረቀት ብቻ ሆነ፤ እሱም በመጋረጃው ጀርባ በመርፌ ቁልፍ የሚሰኩት፣ «ስብሰባ፤ ማኅተም፤ ሻይ፤ ደሴ» የመሰሉ ቃላት የተደረደሩበት የትዕይንት ዝርዝር ነበር። ልጆቹ ይህን ከማንም አልተማሩትም። ነገር ግን በኢጣሊያ ኮሜዲያ ዴላርቴ የሚባሉት ተጫዋቾች በ16ኛው መቶ ዓመት ልክ እንዲህ ያደርጉ ነበር። በፓዱዋ ከተማ በ1545 እ.ኤ.አ. የተዋዋሉት የአንድ ቡድን ውል እስከ ዛሬ አለ። የተጻፈ ንግግር አልነበራቸውም፤ የትዕይንቱን ዝርዝር ከመድረኩ ጀርባ ሰቅለው ቀሪውን ከአፋቸው ያወጡ ነበር። ታላቁ ሞሊየርም በፓሪስ ከነዚህ ኢጣሊያውያን ጋር አንድ አዳራሽ እየተፈራረቀ ሲጫወት ብዙ ተምሯል ይባላል።

የተማሪዎቹ ቴአትር ነገሩ እንዲህ ነው። በአንዲት ቀበሌ ምንጭ ይደፈናል። ምንጩን የሚያስጠርግ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ይሰበሰባል፤ ማን በየትኛው ወንበር ይቀመጥ በሚለው ይከራከራል፤ ሻይ ከመክፈቻው ንግግር በፊት ይሁን በኋላ በሚለው ድምፅ ይሰጣል፤ ቃለ ጉባኤ ያጸድቃል፤ የጸደቀውን ቃለ ጉባኤ ያጸደቀበትን ቃለ ጉባኤ ያጸድቃል። በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ልጅ ባዶ ጄሪካን ይዛ፣ ምንም ሳትናገር፣ ከመድረኩ ግራ ወደ ቀኝ ታልፋለች። ኮሚቴው አያያትም። ጥቂት ቆይታ እንደገና ታልፋለች። ለወረዳው የሚላከው ደብዳቤ ተጽፎ አልቆ ማኅተም ሊመታበት ሲል የማኅተሙ መርገጫ ደርቋል፤ ማርጠቢያ ውኃ ጠፋ። ሰብሳቢው በዚያች ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅቷን ያያትና፣ «ነይ እስቲ እቴ፣ ጠብ አድርጊልን» ይላታል። ልጅቷ ጄሪካኑን በዝግታ ትዘቀዝቀዋለች። አንዲት ጠብታ የለም።

በአዳራሹ መጀመሪያ ዝም ተባለ፤ ከዚያ ሳቁ መጣ። እኛ በዚያን ጊዜ ያሰብነው፣ ይህን ትዕይንት አንድ ደራሲ ብቻውን በጠረጴዛ ተቀምጦ ቢጽፈው ለልጅቷ ንግግር ይሰጣት እንደ ነበረ ነው። ስምንት ሰዎች ሆነው ስለ ፈጠሩት፣ እንደ ሰማነውም ልጅቷ በልምምዱ ጊዜ ዓይን አፋር ስለ ነበረችና ንግግር ስላልፈለገች፣ ዝምታዋ የቴአትሩ አከርካሪ ሆነ። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ውኃ ለመቅዳት የሚመላለሱት እነማን እንደ ሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። ከነዚሁ ቀጂዎች ብዙዎቹ በክፍላችን ከጎናችን የሚቀመጡ ናቸው፤ ጧት የሚያረፍዱትም ስለዚሁ ነው።

ስለ ሁለተኛው ክፍል ግን ይህን ያህል ልናመሰግን አንችልም። ሰብሳቢው ጉዳዩን ይዞ ወደ ደሴ ይሄዳል። በመናኸሪያ አንድ ገበሬ ያገኛል፤ ገበሬው የከተማውን ነገር ሁሉ እየተደናገረበት ይወድቃል፣ ይነሣል፣ በባላገር አነጋገር ይንተባተባል። ቀጥሎ ምላሱ የሚያዝበት ሰው መንገድ ሊጠይቅ ይመጣል፤ ቃሉን እስኪያወጣ አውቶቡሱ ይሄዳል። በዚህ ክፍል የተሣቀው ከመጀመሪያው ክፍል ይልቅ ብዙ ነው። ልጆቹም በኋላ «ይበልጥ የተወደደልን እሱ ነው» ብለው ተከራክረውናል። ሳቁ መብዛቱን አንክድም። ዳሩ ግን ማን እንደ ሣቀ ዙረን ተመልክተናል። የሣቁት ከፊት ያሉት ወንበሮች ናቸው። ከኋላ በአግዳሚ የተቀመጡት፣ ሌሊት ተነሥተው በእግራቸው ከየቀበሌው የመጡት ወላጆች፣ ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ ዝም ብለው ያዩ ነበር። የተማሪዎቹ አባቶችና እናቶች ናቸው። ከተዋናዮቹም የሦስቱ ወላጆች ከዚያው አግዳሚ ላይ ነበሩ።

እዚህ ላይ አሪስቶፋኒስ የሚባለውን የአቴና ኮሜዲ ደራሲ ማንሣት ይጠቅማል። በ424 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ «ፈረሰኞቹ» በተባለው ቴአትሩ በዚያን ዘመን በአቴና ከሁሉ ይልቅ ኃይለኛ በነበረው በክሌዎን ላይ ሣቀበት፤ አንደኛም ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ግን «ደመናዎች» በተባለው ቴአትሩ በባዶ እግሩ በሚሄደው በፈላስፋው በሶቅራጥስ ላይ ሣቀ። በዚያ ውድድር ሦስተኛ ሆነ፤ ቀልዱ ግን አልሞተም። ከ24 ዓመት በኋላ ሶቅራጥስ ለሞት በተከሰሰ ጊዜ፣ ደቀ መዝሙሩ አፍላጦን እንደ ጻፈው፣ የሕዝቡን አሳብ በርሱ ላይ ካጣመሙት ነገሮች አንዱ ያ የቀልድ ቴአትር መሆኑን ለዳኞቹ ተናግሯል። ያው ሰው፣ ያው ብዕር፣ ያው ጥበብ ነው። የተለየው ቀልዱ ያረፈበት ጫንቃ ነው። ክሌዎን መልሶ መምታት ይችላል፤ ሶቅራጥስ አይችልም። የኮሚቴው ሰብሳቢም መልሶ መምታት ይችላል፤ ምላሱ የሚያዝበት ሰው ግን «ተዉኝ» ለማለት እንኳ ጊዜ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ «ልጆች በታላላቆች ላይ ሣቁ» ብለው የተቆጡት ሰዎች የተቆጡት በመጀመሪያው ክፍል ነው። በሁለተኛው ክፍል የተቆጣ ሰው አላገኘንም። የኛ ቁጣ ግን በተቃራኒው ነው።

ስለ ጋቢው ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም፤ ከበዓሉ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነውና። ቴአትሩ አስቀድሞ ለተማሪዎች ብቻ በታየ ዕለት ሰብሳቢውን የተጫወተው ልጅ ጋቢውን በግራ ትከሻው በተለየ አኳኋን አጣፍቶ፣ ከዘራ ይዞ ነበር። ከመምህራን አንዱ ይህ አለባበስ በከተማው የሚታወቅ አንድን ሰው ይመስላልና ይቀየር አሉ። ልጆቹ ሁለት ቀን ተከራከሩ። ግማሾቹ «ማንንም አላሰብንም» ሲሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ «አስበናል፣ ታዲያስ?» አሉ። በመጨረሻ ጋቢው ቀርቶ ተራ ኮት ተለበሰ። በኛ አስተያየት የመምህሩ ምክር ትክክል ነበር። አንድን ሰው መምሰልና አንድን ሥራ መምሰል ልዩ ልዩ ነገር ናቸው። ጋቢው ሲቀር ተመልካቹ «ይህ እገሌ ነው» ብሎ እፎይ የሚልበት ምክንያት ያጣል፤ ኮሚቴ ሆኖ የተቀመጠ ሁሉ ራሱን መመርመር ይጀምራል። የፋቡላም ብልሃት ይኸው ነበር። አንበሳ የማንንም ልብስ አይለብስም፤ ስለዚህ ለብዙ ሰው ልክ ይሆናል።

ነገር ግን በወላጆች ቀን ያ ልጅ በኮት ሆኖ ወጥቶ፣ ንግግር ከመጀመሩ በፊት እጁን ወደ ግራ ትከሻው ሰደደና የሌለውን ጋቢ ወደ ላይ ሳብ አደረገ። የቀደመውን ትዕይንት ያዩት ተማሪዎች አዳራሹን በሳቅ አናጉት፤ ያላዩትም ሳቁ ተጋባባቸው። ይህ በልምምድ አልነበረም፤ ከመድረክ ላይ የመጣለት ነው ይላል። እንመነው። እኛ እጁን አናጸድቅለትም፣ የተሰጠውን ቃል አፍርሷልና። ከዕለቱ ሁሉ የሚያምረው ቅጽበት እሱ እንደ ነበረ ግን ልንክድ አንችልም፤ የጋቢውም ባለቤት ናቸው የተባሉት ሰው በሦስተኛው መደዳ ተቀምጠው፣ ከከዘራቸው ላይ ተደግፈው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሲስቁ በዓይናችን አይተናል።

አሁን የቀረው ነገር ቴአትሩ እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። ፋቡላ ቢታገድም ታትሞ ስለ ነበር ዛሬ ስለ እርሱ ልንጽፍ ቻልን። የኛዎቹ ስምንት ተማሪዎች ግን ፈተናቸውን ወስደው ሲበተኑ፣ ቴአትሩም ከአፋቸው ጋር ይበተናል። ስለዚህ እንዲጽፉት ለመንናቸው። ከሦስቱ ሴቶች ሁለቱ በሁለት ደብተር መጻፍ ጀምረዋል፤ ስለ ሁለተኛውም ክፍል ገና እየተከራከሩ ነው። የመጀመሪያውን ደብተር አሳይተውናል። የኮሚቴው ንግግር ገጹን ሞልቶታል። ውኃ ቀጂዋ አንድም ቃል ስለሌላት ምን ብለው እንደሚጽፉላት ተቸግረው ቆይተው፣ በመጨረሻ በየስፍራው መስመር እየዘለሉ «ታልፋለች» ብለው ጽፈዋል። ቆጥረነዋል፤ ሰባት ጊዜ ነው።